ጎዳና፣ መጠለያ፣ ከዚያስ? ጥያቄና መልስ ከጋሼ ጋር

ጋሼ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚሁ በአደባባይ እንጨርሰው። የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በጎዳና ልጆችና ወጣቶች መጠለያዎች በማኅበራዊ ሠራተኛነት ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር ልበል። የልጅ ፎቶ አትለጥፉ። ልጅ ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ አትግቡ። «አገሩ ይግባ» ብላችሁ ትኬት ቆርጣችሁ አታሳፍሩ። ዛሬ ሦስቱንም ደጋግሜ እንደምላቸው ከአሁኑ ይታየኛል። በሉ ጠይቁ።

ባለሱቋ ከሳሪስ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? ሱቄ በረንዳ ላይ የሚያድር ልጅ አለ። 14 ቢሆነው ነው። ሰሞኑን ያስለዋል። ወዴት ልውሰደው?

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ትኩሳት ካለው ከሁሉም በፊት ጤና ጣቢያ። ከዚያ የወረዳችሁ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄደሽ አስመዝግቢ። ሌሊት ከሆነና ሰው እያስቸገረው ከሆነ 991 ደውዪ፤ ፖሊስ ጣቢያ የሕፃናት ጥበቃ ክፍል የሚባል አለ። ግን ልጁን ሳታማክሪ ምንም አታድርጊ። ሻይና ዳቦ ስጪው፣ አጠገቡ ቁጭ በዪ። የነገረሽ ስም የራሱ ላይሆን ይችላል፤ አታፋጥጪው። ቀስ ብሎ ራሱ ይነግርሻል። ያልተማከረ ልጅ ከመጠለያ በማግስቱ ይጠፋል። በረንዳሽ ላይም አይመለስም።

ቅን ልብ፦ የጎዳና ልጆችን መርዳት እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ ስንት ዓመት የሆነውን? ወንድ ወይስ ሴት? የት ሰፈር? በገንዘብ ነው፣ በጉልበት ነው፣ በሙያ? አስበህ እንደገና ጠይቅ።

የጎተራ ልጅ፦ ሜቄዶንያ ወጣቶችን ይቀበላል?

ጋሼ፦ ሜቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ነው። ስሙ ላይ ተጽፏል። ጤነኛ የ17 ዓመት ልጅ ቦታው እዚያ አይደለም።

የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ፦ ጋሼ፣ መጠለያና የሽግግር ቤት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም ማደሪያ አይደሉም እንዴ?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ መጣች። መጠለያ ማለት ዛሬ ማታ ብርድና ዱላ እንዳያገኝህ ነው። አልጋ፣ ምግብ፣ ገላ መታጠቢያ፣ ሐኪም፣ የሚያዳምጥ ሰው። ጊዜው አጭር ነው፤ ብዙ ቦታ በወራት ይቆጠራል። የሽግግር ቤት ግን ኑሮ የሚለመድበት ነው። እኛ ግሩፕ ሆም እንለዋለን። አራት አምስት ወጣቶች ሰፈር ውስጥ እንደማንኛውም ተከራይ ቤት ይይዛሉ። ድርጅቱ ኪራዩን መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከዚያ ግማሹን እየከፈለ ቀስ በቀስ እጁን ያወጣል። ማኅበራዊ ሠራተኛ በሳምንት ብቅ ይላል። ተረኛ ያበስላል፣ የመብራት ይዋጣል፣ ጎረቤት ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል።

አሁን ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ወር ስለ ሥልጠና አይደለም፣ ስለ እንቅልፍ ነው። በረንዳ ያደረ ልጅ በር ሲዘጋበት ይጨንቀዋል። አልጋውን ትቶ ወለል ላይ ይተኛል። ጫማውን ትራስ ስር ያደርጋል። አዲስ ሠራተኞች ይህን አይተው «አመለኛ ነው» ብለው ይጽፋሉ። አመል አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው።

ገንዘቡም እንዲሁ። «ሠርተው ያገኙትን በዕለቱ ያጠፋሉ» ትሏቸዋላችሁ። ጎዳና ላይ ብር ኪስህ ውስጥ ይዘህ ካደርክ ትዘረፋለህ፣ ትደበደባለህም። ስለዚህ ሳይመሽ መብላት፣ ቪዲዮ ቤት መግባት፣ ለጓደኛ መጋበዝ ትክክለኛ ስሌት ነበር። ያንን ልጅ ሽግግር ቤት አስገብተህ የወር ደመወዝ በአንድ ቀን ብትሰጠው በሳምንቱ ባዶ ነው። ከዕለት ወደ ሳምንት፣ ከሳምንት ወደ ወር እያልክ ነው የምታሸጋግረው። እቁብ ደግሞ ከባንክ ይቀድማል። እቁብ ውስጥ ፊቱን የሚያውቀው ሰው አለ።

የጨርቆሱ፦ ጋሼ ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ ማባበል ነው። እኛም ድሃ ሆነን ነው ያደግነው። ሥራ ሞልቷል።

ነርስ ነኝ፦ የቱ ሥራ ነው የሞላው? አንተ ስትቀጠር ተያዥ የሆነህ ማን ነበር?

የጨርቆሱ፦ አጎቴ።

ነርስ ነኝ፦ እንግዲህ።

የጨርቆሱ፦ እሺ ግን ብር ስትሰጧቸው ማስቲሽ ነው የሚገዙበት። በዓይኔ አይቻለሁ።

ሕግ ተማሪው፦ ጎዳና ላይ መተኛት ራሱ እኮ ወንጀል ነው። አዋጅ 384/1996 አለ። መታፈስ አለባቸው።

ነርስ ነኝ፦ ታፍሰው የት ይሂዱ? አፈሳ መፍትሔ ቢሆን ኖሮ ችግሩ እስካሁን ባለቀ ነበር።

ጋሼ፦ ተረጋጉ። ሕግ ተማሪው፣ ርዕሱን ብቻ ነው ያነበብከው። አደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጁ መሥራት የሚችል፣ የሚታወቅ መተዳደሪያ የሌለው፣ በዚያ ላይ የተዘረዘሩ ድርጊቶችን ሲፈጽም የተገኘ ሰው ነው የሚለው። ቤት ማጣት ብቻውን እዚያ ውስጥ የለም። አንብበህ ና። የጨርቆሱ፣ ብር ስጥ አትስጥ የሚለውን ክርክር እኔ ሰልችቶኛል። የምታውቀው ልጅ ከሆነ አብረኸው ብላ። የማታውቀው ከሆነ ኅሊናህን ጠይቅ። አልፌዋለሁ።

ቅን ልብ፦ ስለ ማስቲሽ ግን ይንገሩን። እንዴት ይተዋሉ?

ጋሼ፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነርሷ ትመልስ። ከኔ በኩል አንድ ነገር ብቻ፦ አንዴ ስቦ የተገኘን ልጅ የሚያባርር መጠለያ በወሩ ባዶ ይሆናል።

ነርስ ነኝ፦ ማስቲሹ ረሃብና ብርድ ያስረሳል፤ ስለዚህ ምግብና ሙቀት ሲያገኙ ብዙዎቹ ይቀንሳሉ። የሚሰማውና የሚታየው ነገር የተለወጠበት ልጅ ካለ አማኑኤል ሆስፒታል ይወሰድ፤ ጸበሉም አይከለከልም፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

ስሜን አልጠቅስም፦ ጋሼ፣ እኔ ያደግኩት በማሳደጊያ ነው። 18 ሲሞላኝ ሻንጣ ተሰጥቶኝ ወጣሁ። አሁን 20 ዓመቴ ነው፣ የሰው ሳሎን ውስጥ ነው የማድረው። ለኔ ዓይነቱ ምን አለ?

ጋሼ፦ እንኳን ጠየቅክ ወንድሜ። የአንተ ጉዳይ ላይ ነው እኔ የምቃጠለው።

የቤተሰብ ሕጉ ከ18 በታች ያለውን አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። በ1996 የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ደግሞ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው። በወረቀት ሲታይ 18 የሞላው ልጅ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። በተግባር ግን የሕፃናቱ ክፍል «አድጓል» ይላል፣ የወጣቶቹ ክፍል «መጀመሪያ መታወቂያ አምጣ» ይላል። መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ያስፈልጋል። ቤት ለመከራየት መታወቂያ ያስፈልጋል። ለሲም ካርድ፣ ለባንክ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሁሉም መታወቂያ። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ በቋሚነት የተጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ተወልዶ ጎዳና የወጣ ልጅ የልደት ሰርተፍኬት ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ከአልጋ በፊት ወረቀት እላለሁ። ሠራተኞቼን ሳስቸግር የኖርኩት በዚህ ነው። ልጅ መጠለያ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የወረቀቱ ጉዳይ ይጀመር። 18 ሊሞላው ወር ሲቀረው አይደለም። አንተ አሁን ይህን አድርግ። ያሳደገህ ተቋም ስለ አንተ ፋይል አለው፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደኖርክ የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም ጠይቅ። ያንን ይዘህ ወረዳ ሂድ። ፋይዳም ተመዝገብ። ሰነድ ለሌለው ሰው በምስክር የመመዝገብ መንገድ አለ፤ ምስክር የሚሆንህን ሰው ከአሁኑ አስብ።

ቤቱን በተመለከተ፣ ብቻህን አትከራይ። አብረውህ ካደጉት ሁለት ፈልግ። አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ካለህ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም። አውቃለሁ፣ «ካልፈለግክ ሂድ» ይልሃል። ቢሆንም እወቀው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ። ለኢድም ያው ነው። ከማሳደጊያ የወጣ ልጅ በበዓል ቀን የሚሄድበት የለውም። ስንቱ በርትቶ ከርሞ በበዓል ሰሞን ወደ ጎዳና ጓደኞቹ ተመልሷል። ደህና የሽግግር ቤት በዓል ሲሆን ለቀድሞ ልጆቹ በሩን ክፍት ያደርጋል፣ ዶሮም ይሠራል። ይህ በፕሮፖዛል ላይ ሲጻፍ «ምንድን ነው ይሄ?» ብለው ይሰርዙታል።

ስሜን አልጠቅስም፦ የደብዳቤውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ ጋሼ።

ሐዋሳ ያለሁ፦ ለምን ግን ዝም ብላችሁ ወደ ቤተሰብ አትመልሷቸውም? ቤተሰብ የሌለው ጥቂቱ ነው።

ጋሼ፦ መጣች ትኬቷ። ወንድሜ፣ ልጁ ቤቱን የለቀቀው በምክንያት ነው። የእንጀራ አባት፣ ዱላ፣ ረሃብ፣ ወይ ደላላ «አስተምርሃለሁ» ብሎ ያመጣው። ከጋሞ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽመና የመጡትን ልጆች ታሪክ የማያውቅ አለ? ምክንያቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ልጁን ብትመልሰው በሚቀጥለው አውቶቡስ ይመለሳል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ቤቱ የሚጎበኘው፣ ቤተሰቡ የሚጠየቀው፣ ከተመለሰ በኋላም ክትትል የሚደረገው። የ2001ዱ የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያም ከቤተሰብ ማቀላቀልን ይፈልጋል፣ ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ ነው የሚያደርገው። ግን ማቀላቀል ነው እንጂ መጣል አይደለም።

16 እና 17 የሆናቸው ደግሞ ሌላ ናቸው። «ባዶ እጄን አልገባም» ይሉሃል። ወጥቶ ከርሞ በተቀደደ ሱሪ እናቱ ደጅ መቆም ሞቱ ነው። ለነዚህ መመለስ ሳይሆን መታረቅ ነው የምንሞክረው። መጀመሪያ ስልክ ይደወላል። ከዚያ ለበዓል ይላካል፤ የወላይታውን ለጊፋታ፣ የጋሞውን ለዮ ማስቃላ፣ የጉራጌውን ለመስቀል። ንጹሕ ልብስ፣ ለእናት ነጠላ፣ ቡና በእጁ። አይተው ይመለሳሉ። አንዳንዱ እዚያው ይቀራል። ያልቀረውም ቢሆን ቤተሰብ አለው ማለት ነው፤ ሲያገባ ሽማግሌ የሚሆነው አያጣም።

ሐዋሳ ያለሁ፦ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን ትኬት መቁረጥ ከምንም ይሻላል።

ጋሼ፦ አይሻልም።

የመገናኛዋ፦ ሴቶቹስ? ከቤት ሠራተኝነት የተባረረች ልጅ ላምበረት መናኸሪያ ስታለቅስ አግኝቼ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።

ጋሼ፦ ለሴት ልጅ ሰዓቱ ከቦታው ይበልጣል። መናኸሪያ ላይ ከማኅበራዊ ሠራተኛ በፊት ደላላ ይደርሳል። ስለዚህ ብቻዋን ትተሻት አትሂጂ፤ እዚያው ካለው ፖሊስ ጋር አገናኚያት፣ ሴት ፖሊስ እንድትመጣም ጠይቂ። ጥቃት የደረሰባት ከሆነች የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ አለው፤ አድራሻው ለደኅንነታቸው ሲባል አይነገርም፣ በፖሊስ ወይም በወረዳ በኩል ነው የሚገባው። ከዓረብ አገር ተመላሽ ከሆነችና አእምሮዋ ከተጎዳ አጋር ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት አለ። ጎዳና ቆይታ ሙያ የምትፈልግ ከሆነች ለነገዋ ማዕከል። ደመወዟን ሳይከፍሏት ከሆነ ያባረሯት እሱም ይጠየቃል፣ አትተዪው።

የቦሌ ሚካኤሏ፦ ሰላም ጋሼ፣ ሜቄዶንያ ወጣት ያስገባል ወይ?

ጋሼ፦ ከላይ አንብቢ።

ከዲሲ፦ እኛ እዚህ ተሰባስበን ብርድ ልብስና ልብስ በኮንቴይነር ልንልክ ነው። ለማን እናድርስ? ቲክቶክ ላይ የሚሰበስብ ልጅ አለ፣ ጎበዝ ነው።

ጋሼ፦ ኮንቴይነሩን ተዉት። ጉምሩክ ላይ የምታወጡት ገንዘብ የአንድ ግሩፕ ሆም ኪራይ ይችላል። ብርድ ልብስ መርካቶ አለ። ኪራይ ላኩ። ለሦስት ወጣቶች የዓመት ኪራይ ለመክፈል የሚደፍር ለጋሽ ብርቅ ነው፤ ሁሉም ፎቶ የሚነሳበትን ምሳ ማብላት ይወዳል። ስለ ቲክቶኩ፦ የልጅ ፊት እያሳየ ብር የሚሰበስብ ሰው ጎበዝም ቢሆን አትስጡት። ያ ልጅ ነገ ሥራ ሲጠይቅ ቪዲዮው ይቀድመዋል። የምትረዱት ድርጅት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ ይሁን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ዓምና የወጡት ልጆች ዛሬ የት ናቸው? ዝርዝሩን ካወጣ ስጡት። «ብዙዎቹ ተለውጠዋል» ካለ አትስጡት።

ከዲሲ፦ ኮንቴይነሩ ግማሽ ሞልቷል እኮ ጋሼ…

ጋሼ፦ እንግዲህ እናንተው ልበሱት።

ቅን ልብ፦ እሺ አሰብኩበት። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፣ ካዛንቺስ ፀጉር ቤት አለኝ። አንድ ወንድ ልጅ ላሠለጥን እችላለሁ።

ጋሼ፦ እንዲህ አትልም ነበር ከጅምሩ! 15 ያለፈው ይሁን፤ የ2011ዱ የሥራ አዋጅ ከዚያ በታች አይፈቅድም። እስከ 18 ደግሞ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ አታሠራውም፣ ሌሊትም አይሠራም። በሳምንት በሳምንት ክፈለው። ያረፈደ ቀን ምክንያቱን ጠይቀው እንጂ አታባርረው። ወደ ቤትህ ግን አትውሰደው። በውስጥ ጻፍልኝ።

እማማ ከጀሞ፦ ልጄ፣ እኔ ባለቤት ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ሰርቪስ ቤት አለ፣ አንድ ክፍል ነው፣ ባዶውን ነው ያለው። ለነዚህ ልጆች ላከራይ ብል ሰው ያስፈራራኛል። ምን ትለኛለህ?

ጋሼ፦ እማማ፣ ከዛሬው ሁሉ የእርስዎ ይበልጣል። አንድ ክፍል ከሆነ ሁለት ልጅ እንጂ አራት አይግቡ። ውል በወረዳ እናስመዘግባለን፣ ድርጅቱ ተያዥ ይሆናል። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ክፍያውን ከአሁኑ እንተማመን፤ ጠብ የሚነሳው በመብራት ነው። አንድ ጥያቄ፦ የግቢውን በር በስንት ሰዓት ይቆልፋሉ? አንደኛው ልጅ 19 ዓመቱ ነው፣ ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል።

እማማ ከጀሞ፦ ሦስት ሰዓት ላይ እቆልፋለሁ። ውሻም አለ።

ጋሼ፦ የበሩን ቁልፍ ይሰጡታል?

እማማ ከጀሞ፦ መጀመሪያ ልየው።

ጋሼ፦ ልክ ነዎት። ቅዳሜ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ።