ቅርንጫፍ ልክፈት ወይ ላልከው ወንድሜ

ደብረ ብርሃን ያለው በርገር ቤትህ ጥሩ እየሸጠ ስለሆነ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ላይ ቅርንጫፍ ልክፈት ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ብዙ ሰው በርታ ብሎሃል። እኔ ግን አሁን አትክፈት ነው የምልህ። በዚሁ መስመር ሦስት በርገር ቤት የነበረው ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ያዥ ነበርኩ፤ ሲያድግም ሲወድቅም ደብተሩ እኔ ጋ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ገበያው ለጉድ ነበር። ማታ ያ ብርድ ሲጀምር የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ትኩስ ነገር ፍለጋ ይሰለፋል። ድንቹ የአካባቢው ነው፣ ዳቦው የዕለቱ ነው፣ ባለቤትየዋ ደግሞ ሳታየው የሚወጣ ሳህን አልነበረም። ሰው የሚመጣው ለዚያ ነበር።

ከዚያ ቅርንጫፍ ተከፈተ። የተፈጨው ስጋ ደብረ ብርሃን ተዘጋጅቶ የጣርማበርን ተራራ አልፎ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ያለ ደጋ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ግን ቆላ። እኛ ጋ እስከ ማታ የሚቆይ ሊጥ እዚያ ገና በጠዋቱ ይኮመጥጣል። መብራት ከጠፋ ስጋው ይበላሻል፣ ጄኔሬተር ይገዛ ይባላል፣ ብሩ የሚወጣው ከዋናው ቤት ነው። በዚህ ላይ ረቡዕና አርብ አለ፣ የሁዳዴ 55 ቀን አለ፣ ክረምት ላይ ተማሪው ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። አንድ ቤት ይህን ከቆጠበው ላይ እየበላ ያልፈዋል፤ ሦስት ኪራይና የሦስት ቤት ደመወዝ ሲሆን ግን አይቻልም። ያኔ መቆጠብ የተጀመረው ከምግቡ ላይ ነው። ዘይቱ ጠቁሮም አይቀየርም፣ ስጋው ሳሳ፣ ዳቦው የትናንት ሆነ። ደንበኛ ደግሞ ተጣልቶህ አይሄድም፣ ዝም ብሎ ይቀራል።

ብዙ ሰው ድርጅቱን የጣለው ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት መድረሱ ነው ይላል። ጦርነቱ ክፉኛ ጎድቶናል፣ እውነት ነው። ግን በ2013 ሁዳዴ የኪራይ ውዝፍ ነበረብን፤ ደብተሩ ላይ አለ።

ችግሩ የካፒታል ማነስ ነው የምትሉም አላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በርገር ሼፍ የሚባል የበርገር ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ላይ ጀመረ፣ በ1968 ጄኔራል ፉድስ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ገዛው፣ ቤቶቹ ከ1,000 በላይ ደረሱ። ብር ሞልቶታል። ግን በላይ በላዩ ሲከፍት መቆጣጠር አቃተውና በ1982 ተሸጠ፣ ብዙዎቹ ቤቶች በሌላው በርገር ሻጭ በሃርዲስ ስም ተቀየሩ።

ስለዚህ መጪውን ሁዳዴ ጠብቅ። ጥሩ የጾም ምግብ አዘጋጅና ቤቱን ለሌላ ሰው አስረክበህ ራቅ በል። ስትመለስ ጣዕሙም ሂሳቡም ካልተዛባ ደብረ ሲናን ብቻ ክፈት፤ ቅርብ ነው፣ የደሴ መንገደኛም ያልፍበታል። የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ክፈል ቢሉህ ግን እሺ አትበል፣ ስድስት ወር ብለህ ተከራከር።