«ማገልገልሽ ራሱ ጸሎት ነው» ይሉኛል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እዚህ ሐዋሳ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሕፃናት ክፍል አገለግላለሁ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ልጆቹ በሳምንት ስድስት ቀን ይመጣሉ። ፊደል አለ፣ መዝሙር አለ። የሐምሌ ገብርኤል ዝግጅት አለቀ ስንል የቡሄው ተጀመረ። የራሴን ሁለት ልጆች ጎረቤት ነው የማቆያቸው። ማታ ቤት ስገባ ሳልጸልይ እተኛለሁ። ቅዳሴም ልጆች እየጠበቅሁ ግማሹን አልሰማውም። ለጓደኞቼ ስነግራቸው «የእግዚአብሔር ሥራ አያደክምም፤ ማገልገልሽ ራሱ ጸሎት ነው» ይሉኛል። ሁለት ቀን ልቀንስ ብል ከአገልግሎት መሸሽ ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ መሸሽ አይሆንብሽም። ይህን አስቀድሜ የነገርኩሽ የቀረውን ተጨንቀሽ እንዳታነቢው ብዬ ነው።

ስለ ጾሙና ስለ ጸሎት ሰዓቱ አልነግርሽም፤ አንቺ ራስሽ የምታስተምሪው ነው። ጓደኞችሽ ባሉሽ ነገር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ከመዘምራንም ከአስተናባሪዎችም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሚሉት በቅንነት ነው። ግን ስሕተት ነው፣ ብዙ ጥሩ አገልጋይም አስቀርቶብናል።

«የእግዚአብሔር ሥራ አያደክምም» የሚል ቃል በመጽሐፍ የለም። መጽሐፍ የሚነግረን ጌታችን ራሱ መንገድ ከመሄድ ደክሞ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ እንደ ተቀመጠ ነው (ዮሐ. 4፥6)። ሥጋ የለበሰ ይደክማል። ቀኑን ሙሉ ከሕፃናት ጋር ስትጮኺ ስትዘምሪ ውለሽ ማታ እግርሽ አልታዘዝ ቢልሽ እምነትሽ ስላነሰ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው አባባል፣ «ማገልገልሽ ራሱ ጸሎት ነው» የሚለው ነው። አሁን ልጆቹን ቡሄ፣ ጌታችን በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበትን በዓል፣ እያስጠናሻቸው አይደል? ሐዋሳ ላይ ታቦር የሚባል ተራራ ስላለን አንዳንዶቹ ታሪኩ እዚሁ ሐይቁ ዳር የሆነ ይመስላቸዋል። ለማንኛውም ታሪኩ እንዴት እንደሚጀምር አስታውሺ። ጌታችን ወደ ተራራው የወጣው «ሊጸልይ» ነው ይላል ሉቃስ (9፥28)። ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ ወጣ፣ ሌሎቹ ከታች ቀሩ። ከታች ምን ነበር? አንድ አባት ርኩስ መንፈስ ያደረበትን ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። አስቢው፣ የመጣላቸው ሕፃን ነው! ደቀ መዛሙርቱ ሞከሩ፣ አልቻሉም። ሰው ተሰብስቧል፣ ጸሐፍት ይከራከሯቸዋል፣ ግርግር ነው። በኋላ ለብቻቸው ሆነው «እኛ ልናወጣው ያልቻልን ስለ ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁት። መልሱን ታውቂዋለሽ፦ «ይህ ወገን በጸሎትና በጦም ካልሆነ በምንም ሊወጣ አይችልም» (ማር. 9፥29)።

እነዚህ ሰዎች እኮ ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። በአገልግሎት መካከል ነበሩ፣ ያውም ለሕፃን። ጌታ ግን «ደክማችኋልና ይህ ጸሎት ሆኖ ይቆጠርላችኋል» አላላቸውም። አገልግሎት ሌላ፣ ለብቻ በእግዚአብሔር ፊት መቆም ሌላ። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው ጉልበት ያጣል። በእኛ የሕፃናት ክፍሎችም የማየው ይኸው ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እየሳቀች የምትቀበላቸው አስተማሪ ነሐሴ ሲገባ ትጮህባቸዋለች፣ ትቆጣለች፣ ስታስፈራራቸውም «ገብርኤል ያይሻል» ትላለች። ልጁ መዝሙሩን ይረሳው ይሆናል፤ ያን ድምፅ ግን አይረሳውም። ስለዚህ የአንቺ ጸሎት የእነሱም ጉዳይ ነው።

ስለ ልጆችሽ ደግሞ። ሙሴን ተመልከቺ። ዮቶር ወደ ምድረ በዳው የመጣው የሙሴን ሚስትና ሁለቱን ልጆቹን ይዞለት ነው (ዘጸ. 18)። ሙሴ አማቱን ወጥቶ ሳመው፣ ደስ አላቸው፣ አብረው እንጀራ በሉ። በማግሥቱ ሙሴ ሊፈርድ ተቀመጠ፤ ሕዝቡም ከጠዋት እስከ ማታ በፊቱ ቆመው ዋሉ። ዮቶር ይህን አይቶ ነው «አንተ የምታደርገው ይህ መልካም አይደለም» ያለው። ሥራው የእግዚአብሔር ነበር፣ ሠሪውም ሙሴ ነው፤ ሆኖም መልካም አይደለም ተባለ። ሙሴም ሰማ። ሥራውን አልተወም፣ አካፈለ።

አንቺም አካፍዪ። በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ፊደል ቆጣሪውን ያስቆጥራል፤ አባቶቻችን ይህን የጀመሩት የኔታ ብቻቸውን ስለማይችሉ ነው። ስምንተኛና ዘጠነኛ ክፍል የደረሱት ሴቶች ልጆች ፊደሉን ይያዙልሽ። መጀመሪያ ያበላሹታል፣ ታገሺ። «እንደኔ አይሆኑም» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ተጠንቀቂ፤ በትሕትና ስም የሚገባ ነገር ነው።

ለክፍሉ ኃላፊዎችም አንድ ነገር ልበል፣ ይህን ያንብቡት። እሺ የምትለዋን አንዷን አግኝቶ ሁሉን እሷ ላይ መጫን ግፍ ነው። ስትታመም ሻማ ይዞ መሄድ አይክስም።

የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ይገባል። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ለኃላፊው የትኞቹን ሁለት ቀን እንደማትመጪ በግልጽ ንገሪው፤ «ብችል እመጣለሁ» አትበይ፣ ምክንያቱም ስልክ ይደወልልሻል፣ አንቺም ትሄጃለሽ። ሁለተኛ፣ የንስሐ አባትሽን አግኚ። በጾሙ በየቀኑ ቅዳሴ ስላለ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን ሌላ ሰው ይጠብቅና አንቺ እንደ ምእመን ቁሚ። ስልክሽን ዝጊ፣ የራስሽን ልጆች ከጎንሽ ያዢ፣ ከተዘጋጃችሁም አብራችሁ ቁረቡ። ማታ ደግሞ ረጅም ጸሎት አልልሽም። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ካልቻልሽ አቡነ ዘበሰማያት በሰላመ ገብርኤል ቆመሽ በይና ተኚ፤ እንቅልፉንም ሳትሳቀቂ ተኚው። ሐዋርያት ለመብላት እንኳ ጊዜ ሲያጡ «ኑና ጥቂት ዕረፉ» ያላቸው ጌታ ነው (ማር. 6፥31)።

ኃላፊው እምቢ ካለሽ ንገሪኝ፤ እኔው አነጋግረዋለሁ።