የሽንት ቤት ብሩሽ ስትገዢ ከፀጉሩ በፊት ማስቀመጫውን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሦስት ነገር ይዟል። ብሩሹ ብዙም ሳያገለግል ፀጉሩ ተንጨፍርሮ ተጋደመ፤ ማስቀመጫው ይሸታል፤ ውሃው የሚቆምበት መስመር ላይ ያለው ቡናማ ቀለበት ደግሞ ምንም ቢፈተግ አልለቅ አለ። ስለዚህ «ሲሊኮን ልግዛ ወይስ ሽቦ ያለው ጠንካራ ብሩሽ?» ብለሻል። እኔ እንጀራዬ ጽዳት ነው፣ ብሩሽ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። እንደማየው ከሆነ ከሦስቱ አንዱም ፀጉሩ ስላልጠነከረ የመጣ አይደለም። ሁለቱ ከማስቀመጫው ነው የመጡት፣ ሦስተኛው ከውሃው።

ሽቦውን ከሐሳብሽ አውጪው። የሽንት ቤቱ መቀመጫ የተሠራበት ሴራሚክ ላዩ ላይ የመስታወት ባሕርይ ያለው የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለው፤ ቆሻሻ ተንሸራትቶ እንዲወርድ የሚያደርገው እሱ ነው። ብረት ሲፈተግበት መጀመሪያ ግራጫ መስመር ይቀርበታል፣ በጉልበት ሲደጋገም ሽፋኑ ይጫራል። የተጫረ ቦታ እድፍ ቶሎ ይይዛል፣ የያዘውንም ቶሎ አይለቅም። አሮጌውን ቀለበት ላስለቅቅ ብለሽ ለሚመጣው ቤት ትሠሪለታለሽ ማለት ነው።

ደግሞም ቀለበቱ በጉልበት የሚለቅ ነገር አይደለም። ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው ቀስ በቀስ ጠጥሮ እዚያ የተቀመጠው። ቡናማነቱ ብዙ ጊዜ ከውሃው ወይም ከቧንቧው ከሚመጣ ብረት ነው፣ ሌላውም ቆሻሻ እላዩ ላይ ይለጠፋል። ይህን የሚያሟሟው አሲድ ነው። በብሩሹ ውሃውን ወደ ጉሮሮው እየገፋሽ ዝቅ አድርጊና ቀለበቱ ከውሃ በላይ ይውጣ። ከዚያ ሶፍት በአቼቶ አርሰሽ ቀለበቱ ላይ ዙሪያውን ለጥፊው፣ ሌሊቱን ይደር። አቼቶ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ አሲድ ነው፤ በጣም ለቆየ ቀለበት በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ይበረታል። ጠዋት ሶፍቱን ጓንት አድርገሽ አንሺውና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣዪው፤ ያኔ ተራ የፕላስቲክ ብሩሽ ይበቃሻል። አንድ ሌሊት ካልበቃው ድገሚው።

በረኪና ለዚህ አይሆንም። ቀለሙን ያነጣዋል እንጂ ድንጋዩን አያነሳውም፤ ለዚህ ነው ነጥቶ ከርሞ ተመልሶ የሚጠቁረው። እባክሽን ይህን ደግሞ ልብ ብለሽ ያዢልኝ፦ በረኪናና አቼቶ፣ ወይም በረኪናና ማንኛውም አሲድነት ያለው የሽንት ቤት ማጽጃ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ እንዳይገናኙ። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋርም መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አሲድ የተጠቀምሽ ቀን በረኪናውን ተዪው፤ ብሩሹንም ማስቀመጫውንም በብዙ ውሃ አለቅልቂ፣ ምክንያቱም ፀጉሩ መሃል የቀረው ጠብታም ይቆጠራል።

አሁን ወደ ማስቀመጫው ልምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚዘለው እሱን ነውና። ሽታው የሚመጣው ታች ከተጠራቀመው ውሃ ነው። ብሩሹ እየተንጠባጠበ ይገባል፣ ውሃው መውጫ የለውም፣ አየር አይነካውም፣ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ በማግስቱ ብሩሹን ስታወጪ ያንን ውሃ ይዘሽ ነው መቀመጫውን «የምታጸጂው»። የፀጉሩ መጋደምም ከዚሁ ነው። አብዛኛው ማስቀመጫ ብሩሹን በፀጉሩ ያቆመዋል፤ የእጀታው ክብደት ሌት ተቀን እርጥብ ፀጉር ላይ ተጭኖ ይውላል፣ ያድራል። እንዲህ ከተቀመጠ ምርጡም ፀጉር ይጋደማል። ስለዚህ ብሩሹን በአንገቱ ወይም በእጀታው አንጠልጥሎ የሚይዝ፣ ፀጉሩ ወለሉን የማይነካበት ማስቀመጫ ፈልጊ። ከጎኑ ወይም ከታቹ አየር ማስገቢያ ይኑረው፣ ውስጡ ያለው ኩባያ ወጥቶ የሚታጠብ ይሁን፣ ብሩሹን ስትስቢ አብሮ እንዳይነሳ ታቹ ከበድ ይበል። ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው ለዓይን ያምራል፤ አየር ከሌለው ግን እኔ አልገዛውም።

ፀጉሩን በተመለከተ ገበያ ላይ በብዛት የምታገኚው ናይለን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሁለተኛው ማሸጊያው ላይ «ፒፒ» ተብሎ ይጻፋል። ናይለን ሲታጠፍ ወደ ቦታው የመመለስ ጠባይ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የጥርስ ብሩሽ ፀጉር ሆኖ ለገበያ የቀረበውና የከርከሮ ፀጉርን የተካውም እሱ ነው። ግን ጠንካራ አሲድ ይጎዳዋል፣ በረኪና ውስጥ ተዘፍዝፎ ማደርንም አይወድም። ፒፒ ቶሎ ይጋደማል፤ ውሃ ግን አይመጥም፣ አሲድንም በደንብ ይችላል። አንቺ ቀለበት ስላለብሽ፣ አሲድ ያለው ማጽጃም ደጋግመሽ ስለምትጠቀሚ፣ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ፒፒ ብትገዢ ይሻልሻል። ሱቅ ውስጥ ፀጉሩን በአውራ ጣትሽ አጋድመሽ ልቀቂው፤ ወዲያው ቀጥ ካላለ መልሰሽ አስቀምጪው። ጥቂቱን ይዘሽ ሳብ አድርጊ፣ የሚነቀል ካለ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የጀመረው ቤትሽ ይቀጥላል። ፀጉሩ በተጠማዘዘ ሽቦ ላይ የተተከለ ከሆነ ደግሞ ጫፉን አገላብጠሽ እዪ። የሽቦው አፍ በፕላስቲክ ካልተሸፈነ መጫሩ አይቀርም፣ ሽቦው ሲዝግም ዝገቱ መቀመጫው ላይ ይቀራል።

ሲሊኮን መጥፎ አይደለም። ውሃ አይዝም፣ አንዴ ስታራግፊው ይደርቃል፣ ሶፍትም አይጠመጠምበትም። ድክመቱ ልስላሴው ነው፤ የደረቀና የተጣበቀ ነገር ላይ አቅም ያጥረዋል። በየቀኑ ለሚጸዳ መቀመጫ ጥሩ ነው፣ ቀለበትሽን ካስለቀቅሽ በኋላ ልትቀይሪበት ትችያለሽ። አሁን ግን እሱን ብቻ ይዘሽ አትጀምሪ።

ቅርጹ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ከጠርዙ ስር የሚገባ ወጣ ያለ ፀጉር ይኑረው። ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች እዚያ ናቸው፣ ከላይ ሆነሽ አታያቸውም፣ ክብ ብሩሽም አይደርስባቸውም። እጀታው እጅሽን ከጠርዙ በላይ የሚያቆይ ርዝመት ይኑረው። ጭንቅላቱ ከእጀታው ጋር በብሎን የሚያያዝ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ ውሃ ይገባል፣ ሲፈተግም ይላላል፤ አንድ ወጥ የሆነውን እመርጣለሁ። ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት መቀመጫ ላላችሁ ደግሞ ይህ ሁሉ ቅርጽ አያስፈልጋችሁም፤ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ጭንቅላት፣ ጠንከር ያለ የፕላስቲክ ፀጉርና ቆማችሁ የምትሠሩበት ረጅም እጀታ ይበቃል።

ተጠቅመሽ ስትጨርሺ ብሩሹን በሚወርደው ንጹሕ ውሃ አለቅልቂው። ከዚያ እጀታውን ተነስቶ በሚወርደው መቀመጫና በሴራሚኩ ጠርዝ መሃል አስጨንቀሽ፣ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሎ እንዲንጠባጠብ ተዪው፤ ሳይንጠባጠብ ወደ ማስቀመጫው አይግባ። በሳምንት አንዴ ብሩሹንም ኩባያውንም በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢ። ውሃ ስትለቂም ክዳኑን ዝጊ፤ ተመራማሪው ቻርልስ ጌርባና ባልደረቦቹ ውሃ ሲለቀቅ የሚነሱ ጠብታዎች ጀርም ይዘው ክፍሉ ውስጥ ያሉ ዕቃዎች ላይ እንደሚያርፉ እ.ኤ.አ. በ1975 አሳይተዋል፣ የጥርስ ብሩሽም እዚያው የሚቀመጥበት ቤት ብዙ ነው። ብሩሹን ለመቀየር ወር አትቁጠሪ። ከታጠበም በኋላ ከሸተተ ወይም ፀጉሩ ወደ ጎን ከወጣ ጊዜው አልፏል።

ቀለበቱ ለቅቆ በሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ግን ብሩሽም አሲድም አትጨምሪ፤ ከኋላ ያለውን የውሃ ሳጥን እዪ። ያለማቋረጥ በቀጭኑ የሚወርድ ውሃ ያንኑ መስመር እየመገበው ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሪና ውሃ ሳትለቂ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየሽ ሳጥኑ ታች ያለው ጎማ ነው የሚያፈሰው፣ እሱን አስቀይሪ።