መዋኘት ለማይችል ሰው ከፌቲዬ የሚነሳው የጉሌት ጉዞ ይሆናል ወይ?

እህቴ፣ «ባለቤቴ መዋኘት አይችልም፤ ፌቲዬ ከምትባለው የወደብ ከተማ ተነስተን በቱርክ ባሕር ዳርቻ 4 ቀን ጀልባ ላይ ብንቆይ አይሰለቸንም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በዚያ መስመር ሄጃለሁ፤ በጣም ስለወደድኩት ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አይሰለቻችሁም። ጀልባው ጉሌት ይባላል፤ ከእንጨት የተሠራ፣ ከኋላው ሰፋ ያለ ነው። ቀኑን ሙሉ አይጓዝም። በእነሱ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ ሜልተም የሚሉት ነፋስ ስለሚነሳ፣ ካፒቴኖቹ ረጅሙን መንገድ በማለዳ ይጨርሱታል። ከዚያ ተራራ የከለለው የባሕር ጥግ ፈልገው ይቆማሉ። መልህቁ ይጣላል። አንዱ መርከበኛ ገመድ ይዞ ይዘልና ዋኝቶ ዳር ይደርሳል፤ ገመዱን ድንጋይ ላይ ወይም ጥድ ግንድ ላይ ያስረዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ጥዱ ውስጥ ከሚጮሁት ነፍሳት በቀር ምንም አይሰማም። ከዚያ በኋላ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ሻይ፣ ወሬ ነው። ለእኔ የጉዞው ዋናው ደስታ ይኸው ነው።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ከጀልባው መሰላል ስር ውኃው ጥልቅ ነው፤ እግር መሬት አይነካም። የመጀመሪያው ቀን ላይ ለካፒቴኑ ንገሩት፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይስጣችሁ። ጃኬቱን አጥብቆ፣ መሰላሉን ይዞ ቢገባ ደስ ይለዋል፤ ጨዋማ ውኃ ሰውን ያንሳፍፋል። ባሕር የሚያዞረው ከሆነ መድኃኒቱን ከመነሳታችሁ በፊት ይዋጥ። ሲጓዙም ጀልባው መሃል ላይ ይቀመጥ።

በመንገዳችሁ ላይ ያለችው የኬኮቫ ደሴት ጋ ስትደርሱ ግን የሚዋኝም የማይዋኝም እኩል ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመሬት መንቀጥቀጥ የሰጠመ ከተማ እዚያ አለ። ደረጃው ከድንጋዩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ውኃ ውስጥ ይገባል። ፍርስራሹ ላይ መዋኘት ክልክል ስለሆነ ሁሉም ሰው ከጀልባ ነው የሚያየው። ፊት ለፊቱ ካሌኮይ የምትባል፣ መኪና የማይገባባት መንደር አለች። ፀሐይ ሲበርድ ከመንደሯ በላይ ወዳለው ምሽግ ውጡ። ከላይ ስታዩ ውኃው መሃል የቆመ የሊቂያ ሰዎች (የዚያ አገር የጥንት ነዋሪዎች) መቃብር ይታያችኋል።

የ4 ቀኑ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ደምሬ አካባቢ ነው፤ የጥንቷ ሜራ ማለት ነው። የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። በእኛ ስንክሳር ከ318ቱ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ጳጳስ ነው። አፅሙ በ1087 እ.ኤ.አ. ወደ ጣሊያን ባሪ ተወስዷል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን አለ። ሁሉም ጉዞ እዚያ አይወስድምና ጊዜ ተርፏችሁ ግቡ። ያን ቦታ ሳላይ ብመለስ ይቆጨኝ ነበር።

ወቅቱን ካነሳን፣ እንቁጣጣሽን አክብራችሁ መስከረም ውስጥ ብትሄዱ እመርጣለሁ። ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፤ የነሐሴው ግርግርም ይቀንሳል። ፍልሰታ ላይ የምትሄዱ ከሆነም ችግር የለም፤ ቱርኮች ባቄላውንም ፎሶሊያውንም በወይራ ዘይት ይሠሩታል። እርጎ እንዳይጨምርበት ብቻ ለምግብ አብሳዩ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሻንጣችሁ ለስላሳ ቦርሳ ይሁን፤ ክፍሉ ጠባብ ነው። ክፍሉ ሌሊት ስለሚሞቅ ብዙ ሰው ወደ ጀልባው ላይኛው ወለል ወጥቶ ይተኛል፤ ጋቢ ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መጠጥ ብዙ ጊዜ ለብቻው ስለሚታሰብ ዋጋውን፣ ደግሞም ሸራው ይዘረጋ እንደሆነ። አብዛኞቹ ጉሌቶች የሚሄዱት በሞተር ነው።