«የእማዬ ድምፅ እንዴት ነበር?»

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እማዬ በጡት ካንሰር ከሞተች 3 ዓመት ሆኗታል። ስትሞት 41 ዓመቷ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት እየተነሣች እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች በማስረከብ ነው እኔንና ታናሽ ወንድሜን ያሳደገችን። አክስቴ በየሙት ዓመቱ «ለእናንተ ብላ ነው የሞተችው» ይላሉ። ጡቷ ላይ እብጠት እንዳለ እያወቀች፣ «መጀመሪያ የልጆቼን ክፍያ ልጨርስ» ስትል ወራት አለፉ። ያኔ የምማረው የግል ኮሌጅ ነበር። አባባ ሹፌር ናቸው። ፎቶዋን ከሳሎን አውርደውታል፤ ስሟ ሲነሣ ተነሥተው ይወጣሉ። ወንድሜ ስትሞት 6 ዓመቱ ነበር። በቀደም «የእማዬ ድምፅ እንዴት ነበር?» አለኝ። ስልኬ ላይ የላከችልኝ የድምፅ መልእክቶች አሉ፤ ግን ላሰማው ፈራሁ። ቁስሉን ልነካበት ወይስ እንዲረሳት ልተወው? ደግሞ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እማዬ ስትቆጣ ኃይለኛ ነበረች። እሱ ትዝ ሲለኝ ራሴን እጠላለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍሷን ይማርልሽ። እናንተንም ያጽናችሁ።

ከወንድምሽ ልጀምር፤ የእሱ ነገር ጊዜ አይሰጥም። ድምጿን አሰሚው። የ9 ዓመት ልጅ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው እናቱ ከትዝታው እየጠፋችበት ስለሆነ ነው። አባቱን እንዳይጠይቅ ተነሥተው ይወጣሉ። አክስቱን እንዳይጠይቅ ለቅሶው ይጀመራል። ስለዚህ አንቺ ጋ መጣ።

የ6 ዓመት ልጅ ትዝታ ብቻውን ብዙ አይቆይም። የሚጸናው ሰው አብሮት ሲያነሣው ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮቢን ፊቩሽና ባልደረቦቿ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ስላለፈ ነገር እንዴት እንደሚያወሩ ለዓመታት አጥንተዋል። በዝርዝር የሚያወሯቸው፣ «ከዚያስ ምን ሆነ?» እያሉ የሚጠይቋቸው ልጆች ያለፈውን አብልጠው ያስታውሳሉ። በእናንተ ቤት ይህን የሚሠራ ሰው ጠፍቷል።

ስትጀምሪ ቀለል አድርጊው። መልእክቶቹን መጀመሪያ ብቻሽን ስሚና ምረጪ። የሕመሟን ጊዜ ለሌላ ቀን ተዪው። «ስትመጪ ሽንኩርት ይዘሽ ነይ» ዓይነት ተራ መልእክት ይሻላል፤ ልጁ የናፈቀው ያቺን የዘወትር እናቱን ነው። ማታ መኝታ ላይ ሳይሆን ቅዳሜ ቀን ይሁን። «እማዬ የላከችልኝ ድምፅ አለ፤ መስማት ትፈልጋለህ?» በይው። «አልፈልግም» ካለ ተዪው፣ ራሱ ይመለሳል። ካለቀሰ እቀፊው፣ አብረሽው አልቅሺ። ትንሽ አልቅሶ ኳሱን ይዞ ቢወጣ ደግሞ አትቀየሚው። የልጆች ሐዘን ገባ ወጣ ይላል። እና እባክሽ፣ መልእክቶቹን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጫቸው። ስልክ ይሰረቃል፣ ይበላሻል።

«እንዲረሳት ልተወው?» ላልሽው፣ ይህ ሐሳብ በእኛም በሥነ ልቦና ሙያ ለረጅም ጊዜ የነበረ ነው። ሐዘንተኛ የሚድነው ከሟቹ ልቡን ሲነቅል ነው ይባል ነበር። በኋላ ግን ፊሊስ ሲልቨርማንና ዊልያም ዎርደን በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ እናት ወይም አባት የሞተባቸውን፣ ከ6 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 125 ልጆችን ተከታተሉ። ብዙዎቹ ልጆች ከሞተው ወላጃቸው ጋር ግንኙነታቸውን አላቋረጡም። ያወሩታል፣ ዕቃውን ያስቀምጣሉ፣ ያየናል ብለው ያስባሉ። እያስታወሱም ይማራሉ፣ ይጫወታሉ፣ ያድጋሉ። የእኛም ሰው ይህን ያውቃል። ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ሟቹን የምናነሣባቸው ቀኖች ናቸው። ግን ልጅ እናቱን በዓመት አንድ ቀን በለቅሶ መካከል ብቻ ቢሰማት አይበቃውም።

በ1990ዎቹ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ኤች አይ ቪ በደማቸው የነበረ የዩጋንዳ እናቶች ለልጆቻቸው የትዝታ መጽሐፍ ይጽፉ ነበር። ዘመዶቻችን እነማን ናቸው፣ አንተ ሕፃን ሳለህ ምን ትወድ ነበር፣ እያሉ። እናትሽ ለዚህ ጊዜ አላገኘችም። እናንተ ግን ትችላላችሁ። አንድ ደብተር ግዢና ከወንድምሽ ጋር ሙሉት። እንጀራ የምታስረክባቸውን ሰዎች ጠይቂ፣ ጎረቤቶችን ጠይቂ። በተለይ አክስትሽን የልጅነቷን ንገሩን በያቸው። ከሞቷ ሌላ የሚያወሩት እንዳላቸው ታያለሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። «ለእናንተ ብላ ነው የሞተችው» የሚለውን አንቺ ብቻ አይደለሽም የምትሰሚው። ያ ልጅም ይሰማዋል። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ «የሞተችው በእኔ ምክንያት ነው» ብሎ ለማሰብ ሩቅ አይሄድም። ሳልታዘዛት ስለቀረሁ ነው፣ ስላስቸገርኳት ነው ይላል። ለማንም ላይናገረውም ይችላል። ስለዚህ በግልጽ ንገሪው። «እማዬ የሞተችው ካንሰር የሚባል በሽታ ስለያዛት ነው። አንተ ያደረግከው ምንም ነገር አላመጣውም።» አንዴ ተናግረሽ አትተዪው፤ ደጋግመሽ በይው።

አንቺም ስሚው። እናትሽ ስትዘገይ የነበረውን አስቢ። የጡት ካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። የማያምም ነገር ደግሞ ክፍያ ከደረሰበት ሰው ዘንድ ተራ ይጠብቃል። በአገራችን ብዙ ሴቶች ሐኪም ጋ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በመላ አገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ የኮሌጅ ክፍያ ላይ መጫን ትክክል አይደለም። እናትሽ ያኔ በምታውቀው ልክ የወሰነች አዋቂ ሴት ነበረች። አንቺ ደግሞ «ሕክምናሽን ተዪና ክፈዪልኝ» አላልሻትም። እንደከፈለችልሽ አስታውሺ፣ አመስግኛት። ዕዳ አድርገሽ ግን አትሸከሚው።

አክስትሽ ክፉ ሰው አይመስሉኝም። «ምነው እጇን ይዤ በወሰድኳት» የሚል ጸጸት እየበላቸው ሊሆን ይችላል። ከሚቀጥለው ሙት ዓመት በፊት ቤታቸው ሄደሽ ለብቻቸው አናግሪያቸው። «እትዬ፣ እንደወደደችን ንገሩን። ለእኛ ብላ ሞተች ሲሉ ግን ልጁ እኔ ገደልኳት ብሎ ያስባል» በያቸው። ለልጁ ሲባል ይሰሙሻል።

ስለ ቁጣዋ ደግሞ ምንም ኃጢአት አልሠራሽም። ሌሊት 9 ሰዓት የተነሣች ሴት ማታ ላይ ብትቆጣ ምን ይገርማል! ይህን ስታስታውሺ ሙት መውቀስ አይደለም። እውነተኛዋን እናትሽን ማስታወስ ነው። ለቅሶ ላይ የምንሰማው የሟቹን በጎነት ብቻ ነው፤ ወጉ ነው፣ ጥሩ ወግ ነው። ቤት ውስጥ ግን ልጆች ሙሉ ሰው ያስፈልጋቸዋል። እንከን የሌላት እናት ብቻ ከተነገረው ወንድምሽ ነገ ራሱ ሲቆጣ፣ ሲያጠፋ፣ የማይገባው ልጅ ይመስለዋል። ስለዚህ እንዴት ትጮህ እንደነበር፣ ቁጣዋ ሲበርድ ምን ትል እንደነበርም ንገሪው። ስትነግሪው ሳቅ ከመጣ ሳቁ።

አባትሽ ፎቶዋን ያወረዱት ረስተዋት አይመስለኝም። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1999 እንደጻፉት፣ ሐዘንተኛ ሰው በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል። አንዴ ሐዘኑን ይጋፈጣል፣ አንዴ ኑሮውን ይኖራል። አባትሽ ኑሮው ላይ ብቻ የቀሩ ይመስላሉ። «ለምን አወረዱት» ብለሽ አትሟገቻቸው። «አባባ፣ ፎቶዋን እኛ ክፍል ልስቀለው?» ብለሽ ፈቃድ ጠይቂ። ደብተሩንም የሚያዩት ቦታ ላይ ተዪው። እንቅልፍ ካጡ፣ መጠጥ ካበዙ ወይም መኖር አልፈልግም የሚል ቃል ከወጣቸው ግን ፈጥነሽ ወደ ባለሙያ ውሰጂያቸው፤ በተለይ እንደዚያ ሆነው መኪና ስለሚነዱ።

አንድ ነገር ሳልልሽ አልዘጋም። እናትሽ በወጣትነቷ ስለታመመች ለአንቺም ምርመራ ያስፈልግሻል። ይይዝሻል ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎች እናታቸው ታምማ እነሱ ጤነኛ ናቸው። እብጠት ባይኖርሽም፣ ባያምሽም ሐኪም ጋ ሂጂ። እናትሽ በስንት ዓመቷ እንደታመመች ንገሪያቸው፤ ክትትልሽ መቼና በምን እንደሚጀመር የሚወስኑት ከዚያ ተነሥተው ነው።