መልስ፦ ገጹን አጠፋሁት፣ ስፓሙ ለምን አልቆመም?

ወንድሜ፣ ኢሜይልህን የለጠፍክበትን ገጽ ካጠፋህ በኋላም ስፓሙ (ሳትጠይቅ በጅምላ የሚላክልህ ኢሜይል) ብሶበታል ብለሃል። ማጥፋትህ ደግ ነው፤ ግን አድራሻው አንዴ ተለቅሟል። ለቃሚው ፕሮግራም ገጽ ለገጽ እየዞረ ከ«@» ግራና ቀኝ ያለውን ይወስዳል፤ ዝርዝሩም ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። በ«@» ፈንታ «አት» ብሎ መጻፍም ብዙ አያስጥልም፣ ለምደውታል።

አድራሻህን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተህ ጉግል ላይ ፈልግ። ገጹ ጠፍቶም ውጤቱ ከታየ፣ ጉግል ጊዜ ያለፈበትን ውጤት ማስወገጃ ቅጽ አለው፤ ሊንኩን እዚያ አስገባ። ይህ የሚያነሳው ከጉግል ፍለጋ ብቻ ነው። የድረ ገጾችን የድሮ ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ ቅጂ ካለ ለባለቤቱ ለኢንተርኔት አርካይቭ ለብቻው ጻፍ።

ከእንግዲህ ዋናውን አድራሻ አደባባይ አታውጣ። ጂሜይል ከሆነ ከ«@» በፊት የመደመር ምልክትና አንድ ቃል ጨምር፤ ለምሳሌ ለጨረታ «+ጨረታ»፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ደብዳቤው እዚያው ሳጥንህ ይገባል፣ በየትኛው በር እንደሾለከም ታውቃለህ። አንዳንድ ድረ ገጽ ግን «+»ን አይቀበልም፣ ብልጥ ስፓመርም ቆርጦ ይጥለዋል፤ እኔ ብሆን የተለየ አካውንት ከፍቼ እገላገል ነበር።

ከማታውቀው ላኪ የመጣ ስፓም ላይ «አንሰብስክራይብ» (ከዝርዝሩ አስወጣኝ) የሚለውን አትንካ፤ አድራሻው ሰው እንዳለው ማረጋገጫ ይሆናል። «ሪፖርት ስፓም» በለው። ምስል በራሱ እንዳይከፈትም ሴቲንግ ውስጥ አስተካክል፤ አንድ ፒክስል (የስክሪን ትንሿ ነጥብ) የምታህል፣ በዓይን የማትታይ ምስል ደብዳቤውን መክፈትህን ለላኪው ትናገራለች።

ከራስህ አድራሻ የተላከ የሚመስል ቢመጣ ወዲያው ተጠለፍኩ አትበል፤ የላኪን አድራሻ ማስመሰል ቀላል ነው። ቢሆንም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ዛሬውኑ አብራ።