ለጀማሪ ኢንጂነሮች፦ ሐሳብ ከመወርወራችሁ በፊት ፕሬዠሩን ጠይቁ

ልጆቼ፣ በተለይ እናንተ ትምህርት ጨርሳችሁ ሳይት መውጣት የጀመራችሁ፣ ይሄን የምጽፍላችሁ ዕድሜዬን የጉድጓድ ውሃ ቁፋሮ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ነዳጅ ቆፍሬ አላውቅም፣ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የነዳጅ ጉድጓድ ነው፣ ምክንያቱም ስለ ሙያችን ከዛ የተሻለ ማስተማሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

በፈረንጆቹ 2010 ኤፕሪል 20 ሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ ላይ፣ ከሉዊዚያና ዳርቻ ራቅ ብሎ፣ ዲፕዋተር ሆራይዘን የሚባለው ሪግ፣ ማለትም ባህር ላይ የሚንሳፈፍ የቁፋሮ መድረክ፣ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሪጉ ራሱ ሰመጠ። ማኮንዶ የተባለው ጉድጓድ አፉ 1,500 ሜትር ውሃ ሥር ነው፣ እዛ አፍ ላይ የተቀመጠው ብሎውአውት ፕሪቨንተር የሚሉት ግዙፍ መዝጊያ መዝጋት ሲገባው አልዘጋም፣ ከዛ በቃ 87 ቀን ፈሰሰ። የጉድጓዱ ባለቤት የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ ስልክና ድረ ገጽ ከፍቶ ሐሳብ ያላችሁ ላኩ ሲል ከ120,000 በላይ ሐሳብ ጎረፈለት። የቤት እመቤት፣ ገበሬ፣ ጡረተኛ፣ የትምህርት ቤት ልጅ፣ ያልላከ የለም። ባህር ላይ ወጥቶ የተሞከረው ግን በጣም ጥቂቱ ነው፣ እሱም አብዛኛው የፈሰሰውን ለማጽዳት እንጂ ጉድጓዱን ለመዝጋት አይደለም።

እኔ ያኔ አሜሪካ ልጆቼ ጋ ነበርኩ፣ የኛም ሰው ቡና ላይ ተቀምጦ መፍትሔ ይሰጣል። አንዱ «ሲሚንቶ አይደፉበትም እንዴ» ይላል፣ ሌላው ትልቅ ቋጥኝ ይጣልበት፣ ሌላው በቦምብ ይመታ። እኔም ጉድጓድ ቆፋሪ ነህ ተብዬ ስጠየቅ መልሴ አንድ ነበር፣ ፕሬዠሩ፣ ግፊቱ ማለቴ ነው፣ ስንት ነው? የሚመልስልኝ አልነበረም።

እንዳትስቁባቸው ግን። ቦምቡ እንኳ ሙሉ በሙሉ ከባዶ የመጣ ወሬ አይደለም፣ ሶቪየቶች በ1966 ኡዝቤኪስታን ውስጥ ኡርታ ቡላክ የሚባል ቦታ ሦስት ዓመት ገደማ ሲነድ የኖረ የጋዝ ጉድጓድ 30 ኪሎቶን በሚሆን ኒውክሌር ከመሬት በታች አፈንድተው ዘግተዋል። ያ ግን የብስ ላይ ነው። ፀጉርና ገለባ ይበተንበት ያሉትም እንደዛው፣ ዘይት ይመጣሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ፀጉሩ ውሃ ሲጠግብ ይሰምጣል፣ ደሞ ላይ ላይ የተንሳፈፈውን መልቀም ሌላ፣ ሥሩን መድፈን ሌላ። ተዋናዩ ኬቪን ኮስትነር እንኳ ዘይትና ውሃ የሚለይ ማሽን ይዞ መጥቶ ቢፒ 32 አዟል፣ እሱም የማጽጃ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚረሳው፣ ባለሙያዎቹም ራሳቸው እንደ ሰፈር ሰው ነበር የጀመሩት። ሜይ ላይ 100 ቶን ገደማ የሚሆን የብረት ሳጥን አወረዱ፣ ፍሳሹ ላይ ደፍተውት ዘይቱን ከላይ በቧንቧ ሊስቡ። እዛ ታች ግፊቱ ከውሃው በላይ አየር ላይ ካለው 150 እጥፍ ነው፣ ውሃው ደግሞ ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ብርድ፣ ከዘይቱ ጋር የሚወጣው ጋዝ ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ሲገናኝ በረዶ መሳይ ነገር ይሠራል፣ ሃይድሬት ይሉታል። ያ ነገር ሳጥኑ ውስጥ ተከማችቶ መውጫውን ደፈነው፣ ከውሃ ስለሚቀል ጭራሽ ሳጥኑን ሽቅብ ማንሳት ጀመረ። ሃይድሬት እንደሚኖር ያውቁ ነበር፣ በዛ ልክ ይሆናል ብለው ግን አልጠበቁም። ሳጥኑን አንስተው ወደ ጎን አስቀመጡት።

ከዛ ደሞ ቶፕ ኪል መጣ። ከባድ የቁፋሮ ጭቃ ከላይ በኃይል መጫን ማለት ነው፣ አብሮም የጎልፍ ኳስና የተከተፈ ጎማ ለቀቁበት። ሰው በጎልፍ ኳሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም፣ እዛው ባህረ ሰላጤ ውስጥ በ1979 ኢክስቶክ የተባለ የሜክሲኮ ጉድጓድ ሲፈነዳ የብረትና የእርሳስ ኳስ ተለቆበታል፣ የቆየ ዘዴ ነው። ሙከራው ግን አልሠራም፣ ያናደደኝም ሌላ ነው። ያኔ ለሕዝብ ይነገር የነበረው በቀን 5,000 በርሜል ነበር፣ በኋላ ሳይንቲስቶቹ ሲያሰሉት ከ50,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። አርቴዢያን ጉድጓድ፣ ውሃው በራሱ ግፊት ሽቅብ የሚወጣበት፣ ላይ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከታች እየገፋ የሚመጣ ነገር ላይ ከላይ የምትጭኑት ጭቃ ፍሰቱን ካልበለጠው ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ነው የሚረጨው፣ ታዲያ ፍሰቱን ሳታውቁ የጭቃውን መጠን በምን ታሰላላችሁ? ቢፒ በኋላ ስለ ፍሰቱ መጠን ለኮንግረስ ያልሆነ ነገር መናገሩን አምኖ ተቀጥቷል። 120,000 ሰው ሐሳብ አምጣ ተብሎ የተሳሳተ ቁጥር ተሰጥቶት ምን ያምጣ፣ እናንተው ፍረዱ።

ከሩቅ መጥቶ የሠራ ሐሳብ የለም ወይ ካላችሁ፣ አለ። አላስካ ላይ ፈሶ የተለቀመ ዘይት ጀልባ ላይ እያለ ብርዱ አርግቶት በፓምፕ አልሳብ እያለ ሲያስቸግር፣ በ2007 የ20,000 ዶላር ሽልማት የወሰደው ነዳጅ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው፣ ኮንክሪት ሲሞላ ግን አይቷል። ኮንክሪት ሳይደርቅ እንዲፈስ የሚነዘረው ቫይብሬተር አለ አይደል፣ ሁላችንም ሳይት ላይ የምናውቀው፣ እሱን ዘይቱ ውስጥ ክተቱት አለ፣ አለቀ። ሰውየው ስለ አላስካ አይደለም ያወቀው፣ ስለ መንዘር ነው።

የማኮንዶውንም ነገር አንድ የቧንቧ ሠራተኛ በእጁ ሥሎ ለአንድ የካሊፎርኒያ ፕሮፌሰር ልኮ ነበር፣ የተሰበረውን ቧንቧ ከላዩ ከመድፈን ፍላንጁን፣ ማለትም የቧንቧውን ባለ ቡሎን መገጣጠሚያ፣ ፈትቶ አዲስ መዝጊያ በቡሎን ማሰር ነው ሐሳቡ። የቢፒ ኢንጂነሮችም ራሳቸው የሚመስል ነገር እየሠሩ ስለነበር ድሉ የሱ ነው አልልም፣ ግን መንገዱ ትክክል ነበር፣ ቧንቧ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መገጣጠሚያውን ነው። ጁላይ ላይ ሮቦቶቹ የአሮጌውን ፍላንጅ ስድስት ቡሎን ፈትተው አዲሱን ባለ ቫልቭ መክደኛ አሰሩ፣ ጁላይ 15 ቫልቩ ቀስ በቀስ ተዘግቶ ፍሰቱ ቆመ።

እዚህ ጋ ነው እኔ የምኮራው፣ የኔ ባይሆንም። ሲዘጋ ግፊቱ ይወጣል ተብሎ የተጠበቀው ከ8,000 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) በላይ ነው፣ ከ6,000 በታች ከሆነ ደግሞ ኬዚንጉ፣ ጉድጓዱን የሚደግፈው የብረት ቱቦ፣ ተሰብሮ ዘይቱ በጎን ወደ ባህሩ ወለል እየሄደ ነው ማለት ስለሆነ ወዲያው መከፈት አለበት። የግፊት መለኪያው ጌጅ ግን 6,700 ገደማ ላይ ቆመ፣ ከሁለቱም ያልሆነ መሃል ላይ! ከመንግሥት ወገን ብዙዎቹ ይከፈት ወደሚለው አዘነበሉ፣ ቢከፈት ዘይቱ እንደገና ባህር ውስጥ ሊፈስ ነው። ያን ሌሊት ካሊፎርኒያ ውስጥ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ተቋም ባልደረባ የሆነው ፖል ሼይ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነው ልጆቼ፣ የውሃ ሰው፣ የግፊቱ ግራፍ በሞባይል ካሜራ ተነስቶ ተላከለት፣ እሱም ለከርሰ ምድር ውሃ በተሠራ ሞዴል ሲያሰላው አደረ። መልሱ፣ ቱቦው አላፈሰም፣ ከሥር ያለው ዘይት ያዘለ ድንጋይ በነዚያ ሁሉ ቀናት ፍሰት ስለተዳከመ ነው ግፊቱ ያነሰው፣ የግራፉ መስመርም እንደዛ ነው የሚለው። ጉድጓዱ እንደተዘጋ ቆየ። ሴፕቴምበር 19 በጎን በተቆፈረው ሌላ ጉድጓድ በኩል ሲሚንቶ ገብቶ ጉድጓዱ ሞቷል፣ ለዘለቄታው ተደፍኗል ተባለ፣ ያ የቡናው ላይ ሲሚንቶ ማለት ነው፣ ጊዜውን ጠብቆ።

ሼይ የሠራው እኮ እናንተ አሰልቺ ነው የምትሉት ሪከቨሪ ቴስት ወንድም ነው፣ ፓምፑ ቆሞ ውሃው ሲመለስ የምንለካው። ስለዚህ ለማታውቁት ሙያ ሐሳብ መስጠት ካማራችሁ ስጡ፣ ማንም አይከለክላችሁ፣ ግን ከራሳችሁ ሙያ ውስጥ በእጃችሁ የምታውቁትን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥልቀቱን ግፊቱን ፍሰቱን ሙቀቱን ጠይቁ፣ ቁጥሩን አንሰጥም ካሏችሁ መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ ተከራከሩ። ሐሳብ ተቀባይ የምትሆኑበት ቀንም ይመጣል፣ ያኔ ደሞ የላኪውን ዲግሪ ሳይሆን ምን ነክቶ እንደሚያውቅ ጠይቁት።

እስከዛው ግን ፓምፑ እንደቆመ ዕቃ መጫን ትታችሁ ዲፕ ሜትሩን፣ የውሃውን ጥልቀት መለኪያ፣ መልሳችሁ አስገቡ፣ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በየ30 ሰከንዱ ለኩ፣ ውሃው እስኪመለስም አትሂዱ፣ ሹፌሩ መሸ ብሎ ቢነጫነጭ ይነጫነጭ።